የአሥመራ መስመር

የጦርነት ታሪክ ስንማር የምንሸመድደው የሠራዊቱን ብዛት፣ የምሽጉን ርዝመትና ስምምነት የተፈረመበትን ቀን ነው። ስልክ መቼ ተቆረጠ፣ መቼስ ተቀጠለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጦርነት በዚህ በኩል እንየው እንላለን፤ ውጊያው የፈጀው 2 ዓመት ሲሆን የስልኩ ዝምታ 20 ዓመት ነውና።

ውጊያው በግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ተጀመረ። ስልኩ፣ ፖስታው፣ አውሮፕላኑ፣ መንገዱ ተራ በተራ ተዘጋ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው ከኢትዮጵያ 75,000 ያህል የኤርትራ ተወላጆች ተባረሩ፤ ከኤርትራም እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ 70,000 ያህል ኢትዮጵያውያን በመባረርም በሌላም ምክንያት ወጡ። ባል እዚህ ሚስት እዚያ፣ እናት እዚያ ልጅ እዚህ ቀረ።

ታዲያ ሰው ምን አደረገ? ሦስተኛ አገር ዘመድ ያለው በእሱ በኩል ተነጋገረ። ጅዳ ወይም ሮም ወይም ዋሽንግተን ያለው ልጅ አሥመራ ደውሎ የእናቱን ወሬ ይሰማል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ደውሎ ለእኅቱ ያደርሳል። አንዳንዱ ብልህማ ሁለቱን መስመር አንድ ላይ አገናኝቶ ራሳቸው እንዲያወሩ ያደርግ ነበር። እንዲህ ያለ አገናኝ መሆን ቀላል ሸክም አይደለም። የስልኩን ሒሳብ እንኳ ብንተወው መርዶውም በእሱ አፍ ነው የሚያልፈው። በደንባችን መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል። በስልክ፣ ያውም ከባሕር ማዶ፣ እንዴት ተብሎ ይነገር? «ደህና ናቸው» ብሎ ያለፈ ሰው ቢኖር እኛ አንፈርድበትም።

ውጭ አገር ዘመድ ለሌለው የቀይ መስቀል መልእክት ነበረለት። ዘዴው የቆየ ነው፤ በ2ኛው የዓለም ጦርነት በ25 ቃላት የተወሰነ ቅጽ ሆኖ ከ20 ሚሊዮን በላይ መልእክት ተመላልሶበታል። ወረቀቱ አይታሸግም። ከቤተሰብ ወሬ በቀር ስለ ጦርም ስለ ፖለቲካም አይጻፍበትም፤ የየአገሩ ሹም ሊያነበው ይችላል። እንዴ፣ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ምን ይጻፋል? ይጻፋል እንጂ! አለን፤ እገሌ ተወለደ፤ አያታችን አረፉ። ሚስጥር ያለው ሰው ይቸገር ይሆናል፤ ልጄ በሕይወት አለ ወይ ለምትል እናት ግን «አለሁ» የምትለው አንዲት ቃል ትበቃታለች።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ድንበር የሚወስን ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የካሳ ጥያቄ የሚመረምር ሌላ ኮሚሽን ተቋቋመ። የጦር ምርኮኞች ወደ አገራቸው ገቡ፤ በቀይ መስቀል አማካይነት መረብን ተሻግረው ወደ ዘመዶቻቸው የሄዱ ሲቪሎችም ነበሩ። ስልኩ ግን እንደተቆረጠ ቀረ። በጦርነት ጊዜ መስመር የሚቆርጥ መንግሥት ስለላ ፈርቼ ነው ይላል፤ ይሁን። ተኩስ ከቆመ በኋላ ለተጨመሩት ዓመታት ግን ሁለቱም መንግሥታት ለእነዚያ እናቶች የሚሰጡት በቂ ምክንያት አይታየንም።

በዚህ መሐል ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ተለወጠ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሮች እንዲረዝሙ ተደረገ። የወንድሙን ቤት የድሮ 6 አኃዝ በልቡ ይዞ የኖረ ሰው፣ መስመሩ ቢከፈትለትም እንኳ፣ በእሱ ብቻ ደውሎ ማንንም አያገኝም።

መስመሩ ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ተከፈተ። የሚደውልለት ዘመድ የሌለው ሰው እንኳ ማዶ የመጣለትን ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጥ ጀመር። ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው አውሮፕላን አሥመራ ሲያርፍ ወርደው መሬቱን የሳሙ መንገደኞች ነበሩ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ድንበሩ ተከፈተና በእግራቸው የመጡ ቤተሰቦች መንገድ ላይ ተቃቀፉ። የዛላምበሳው በር ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተመልሶ ተዘጋ።