ነሐሴ 14፣ መግቢያው በነጻ

ነሐሴ 14 ቀን 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ክረምት፣ ኒውዮርክ በጋ ነበር። በዚያች ዕለት ሊንከን ሴንተር ግቢ ባለው ዳምሮሽ ፓርክ፣ ሰው ሳንቲም ሳይከፍል፣ ሦስት አንጋፋዎቻችን ተጫወቱ፤ ጋሽ ማሕሙድ አህመድ፣ ጋሽ ዓለማየሁ እሸቴና ሳክስፎኒስቱ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ። ሁለቱን ድምጻውያን ያጀበው ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የአሜሪካ የጃዝ ባንድ ነው። ከጋሽ ጌታቸው ጋር የቆመው ደግሞ ዘ ኤክስ፣ የሆላንድ ፓንክ ባንድ።

እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ለሁለት እንከፈላለን። ግማሻችን «ሙዚቃችን ዓለምን አንበረከከ» እንላለን። ግማሻችን «ፈረንጅ ይሄንንም ወሰደብን» ብለን እናኮርፋለን። ሁለታችንም የራሳችንን ታሪክ ረስተናል።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1924 ራስ ተፈሪ ከእልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ አስመጡ። እነዚህ «አርባ ልጆች» የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ባንድና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጡት ጋሽ ጌታቸው ያለፉት በእነዚሁ ቤቶች ነው። እንግዲህ ድብልቁ ባንድ ኒውዮርክ አልተወለደም፤ እዚሁ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር፤ ቤት። ጋሽ ማሕሙድ ከክብር ዘበኛ፣ ጋሽ ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጡ። እነዚህ ቤቶች ደሞዝ፣ መሣሪያና አስተማሪ ነበራቸው። በ1969 አምሃ ሬከርድስ በጋሽ ዓለማየሁ ሸክላ ሥራውን ሲጀምር ያን ሁሉ የሠለጠነ ሙዚቀኛ ተዘጋጅቶ አገኘ።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን በላው። ለዓመታት ምሽቱን ሊጨፍር የወጣ ሰው በር ተዘግቶበት እዚያው ያነጋ ነበር። ሸክላ ማሳተም ቆመ። ትላልቆቹ ባንዶች እየሳሱ ሄዱ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ቦታ ኪቦርድ ወረሰው። አዛውንቶቹ ዜማቸውን ይዘው፣ አጃቢያቸውን አጥተው ቀሩ።

ታዲያ ዘ ኤክስ በ2004 ጋሽ ጌታቸውን ለ25ኛ ዓመት በዓሉ አምስተርዳም ሲጋብዝ፣ ቀጣዩን ሲዲ አብረን እንሥራ ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ። ኢዘር ኦርኬስትራም በዚያው በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ቅጂውም በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 20ኛው ሆኖ ታትሟል። ይሄ ዝርፊያ አይመስለንም። ባንድ ያጣ ሙዚቀኛ ባንድ አገኘ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የሚያንገበግበን ሌላ ነው። በዚያ ምሽት ከአንጋፋዎቻችን ኋላ የተሰለፉት ትንፋሽ ተጫዋቾች፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ በደሞዝ ታኖራቸው የነበሩ ዓይነት ናቸው። ጋሽ ጌታቸው በ2016፣ ጋሽ ዓለማየሁ በ2021 አረፉ። ዜማው ተቀድቶ አለ፤ አይጠፋም። ወጣት ተቀጥሮ፣ ከሽማግሌ አጠገብ ቆሞ የሚማርበት ቤት ግን በቅጂ አይተካም።

ከ40 ስደተኛ ልጆች ባንድ ያቆመች ከተማ ይሄን ማድረግ ያቅታታል ብለን አናምንም።