ገበያና ትምህርት ቤት የተሻሙት ዕድሜ፦ 7ኛና 8ኛ ክፍል በመርካቶ

መርካቶ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ተፈላጊ ነው። ዕቃ ይሸከማል፣ መልስ ቆጥሮ ይሰጣል፣ ደንበኛ ይጠራል፣ አደራ ተቀብሎ ከሸማ ተራ ሲዳሞ ተራ ደርሶ ይመለሳል። ፌስታል የሚሸጠው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ሱቅ በደረቴ የሚያዞረው፣ በአጎቱ ሱቅ ከባንኮኒ ኋላ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። መንግሥት በበኩሉ ይህንኑ ልጅ 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ይፈልጋል። ገበያውና ትምህርት ቤቱ በልጁ ላይ የሚያደርጉት ሽሚያ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የሚበረታው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው።

ባለፉት ሰማንያ ዓመታት የእነዚህ ሁለት ክፍሎች ቦታ ደጋግሞ ተቀያይሯል። አንዴ የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ፣ አንዴ የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ፣ አንዴ ራሱን የቻለ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ አሁን ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። ይህ ቅኝት ዘመኖቹን በየተራ እያነሳ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ስሙ በተቀየረ ቁጥር ለመርካቶው ልጅ ምን ተጨመረለት?

ከአራዳ ወደ መርካቶ

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ዘመናዊ ትምህርትም የተጀመረው ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ፋሽስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ነጩንና ጥቁሩን ለያይቶ ለማስፈር አቀደ፤ አገሬው የሚገበያይበትን ስፍራ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። የዛሬው መርካቶ የተተከለው በዚህ ዓይነት ነው። ጊዜው በቀድሞዎቹ ትምህርት ቤቶች ትምህርት የተቋረጠበት፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላም የተማረው ወጣት እየታደነ የተገደለበት ነበር። ገበያው ሲደራ ትምህርት ቤቱ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ መርካቶ ከትምህርት የራቀ ሰፈር ሆኖ አያውቅም። በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፊደል ተቆጥሯል፤ ዳዊት ተደግሟል። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ልጆች ቁርአን ቀርተዋል። ከጉራጌ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሐረር የመጣው ነጋዴና ወዛደር ልጁ ከእሱ የተሻለ እንዲሆን ይመኝ ነበር። የጎደለው ምኞት አልነበረም፤ ከፊደልና ከአራቱ የሒሳብ መደቦች በኋላ ልጁን የሚይዝ፣ ከገበያው ጋር የሚወዳደር ትምህርት ነበር።

የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ዘመን

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ትምህርትን ከምንም በፊት አስቀደመ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1938 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። የትምህርቱ እርከን መጀመሪያ ስድስት ለስድስት ነበር፤ በ1940ዎቹ ስምንት ለአራት ሆነ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ስድስት ሁለት አራት ተደረገ። 7ኛና 8ኛ ክፍል ለብቻቸው ተለይተው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የተባሉት በዚህ በመጨረሻው ለውጥ ነው።

ያ ዘመን ለእነዚህ ክፍሎች ክብር ሰጥቷቸዋል። የኮተቤ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚሆኑ መምህራንን በዲፕሎማ አሠለጠነ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣው የመጀመሪያው የሰላም ጓድ ቡድን ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን አስተማሪዎች ነበሩት፤ በአገሪቱ ተበትነው 7ኛና 8ኛ ክፍልንም አስተማሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት አገር ሲያገለግሉ ብዙዎቹ የተመደቡት በእነዚሁ ክፍሎች ነበር። የእጅ ሥራ፣ የቤት አያያዝ፣ የእርሻና የንግድ ሥራ ትምህርት ከሒሳብና ከሳይንስ ጎን ተሰጠ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ያለፈ ልጅ በቤተሰቡ ዘንድ እንደ ሰው ይቆጠር ነበር፤ ነርስም መምህርም ለመሆን ወደሚያሠለጥኑ ተቋማት የሚያስገባ በር ይከፈትለት ነበርና።

ይሁን እንጂ ሁለት ወንፊቶች ነበሩ። አንደኛው ፈተናው ራሱ ነው። የወደቀውን የሚያነሳው አልነበረም፤ መርካቶ ግን በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቀው ነበር። ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስረዳው ለሌለው፣ ከትምህርት መልስ ሱቅ ለሚቆም ልጅ ይህ ዝላይ ከባድ ነበር። ደካማ ያልነበረ ልጅ ድንገት ደካማ ተባለ።

በዚያው በ1950ዎቹ የመርካቶ ነጋዴዎች ለትምህርት ያላቸውን ፍቅር በገንዘብ አሳይተዋል። በጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ሥር ተሰባስበው ከኪሳቸው ባዋጡት ብር በትውልድ አገራቸው መንገድ አስጠርገዋል፤ ትምህርት ቤትም አሠርተዋል። ይህ የኅብረት ሥራ በኢትዮጵያ የልማት ታሪክ በምሳሌነት የሚነሳ ነው። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ የተገኘው ከመርካቶ ሱቆች ነው።

ሴክተር ሪቪውና አብዮቱ

በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ለአብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ የሚቀጥለው ጥቂት ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። የጥናቱ አዘጋጆች ትምህርትን ለገጠሩ ሕዝብ ለማዳረስ ነበር ያሰቡት። ድሃው የከተማ ወላጅ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየው፤ ለልጁ 7ኛ ክፍል የሚዘጋበት መሰለው። መምህራን ተቃወሙ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራኑና የባለ ታክሲዎቹ አድማ በአንድ ቀን ተገናኘ፤ ዕቅዱ ታገደ፤ የዘውዱ መንግሥትም ከዚያ በኋላ ሳይጸና ወደቀ። ሕዝብ ለልጁ የትምህርት ደረጃ ብሎ አደባባይ የወጣበትን ያን ቀን የትምህርት ባለ ሥልጣን ሁሉ ሊያስታውሰው ይገባል።

ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወርሶ የሕዝብ አደረገ፤ በሩንም በሰፊው ከፈተ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል እንዲሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከብዙ መምህራን ጋር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲዘምቱ ታናናሾቹ በክፍላቸው ቀሩ። ቀጥሎ የመጣው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ግን ታናናሾቹንም አልማረም። ለሁለተኛ ደረጃ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ስለ ተማሪ ዕድገት ስናወራ ያን ትውልድ መዝለል ነውር ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአንጻሩ ተሸካሚውንና ጉልት ቸርቻሪዋን ፊደል አስቆጥሮ፣ ለአገሪቱ የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። እናት ማንበብ ስትችል ልጇን ከ6ኛ ክፍል በኋላ ለማስቀረት አይቀላትም።

የበሩ መከፈት ያስከተለው መጨናነቅ ፈረቃን አስፋፋ። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ተማረ። ለመርካቶ ልጅ ፈረቃ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን እንዲማር፣ ቤተሰቡን እየረዳ ከትምህርት ገበታ እንዳይቀር አስችሎታል። በሌላ በኩል የቤተ ሙከራ፣ የቤተ መጻሕፍትና የስፖርት ጊዜውን ወስዶበታል። በዚያ ላይ የማታ ትምህርት ነበረ። ቀን ጆንያ ተሸክመው ማታ ደብተር ይዘው የተቀመጡ፣ የ8ኛ ክፍልን ፈተና በጎልማሳነት አልፈው ለትልቅ ደረጃ የበቁ ሰዎች የመርካቶ ኩራት ናቸው።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እርከኑን እንደገና ስምንት ለአራት አደረገው። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ቀረ፤ 7ኛና 8ኛ ከ5ኛና ከ6ኛ ጋር ተዳብለው የአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ሳይክል ሆኑ። የተማሪው ቁጥር በአገር ደረጃ በብዙ እጥፍ አደገ፤ ይህ መካድ የሌለበት ድል ነው። ነገር ግን የ14 ዓመቱ ጎረምሳና የ7 ዓመቱ ሕፃን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ርእሰ መምህር፣ በአንድ ደንብ ተዳደሩ። ፖሊሲው አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን ቢያውጅም፣ አዲስ አበባ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ማስተማሯን ቀጠለች። የ1950ዎቹ ዝላይ በቦታው ጸና።

በዚህ ዘመን ተማሪውን ያነጸው ከክፍል ውጪ የነበረው ሥራ ነው። ሚኒ ሚዲያው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በእረፍት ሰዓት ግጥምና ዜና አስተላልፏል፤ ዓይን አፋሩን ልጅ ማይክ አስጨብጧል። የጸረ ኤድስ ክበቡ፣ የቀይ መስቀሉ፣ የሴት ተማሪዎች ክበቡ ወላጅ ለማንሳት የሚያፍረውን ጉዳይ በግልጽ አንስተዋል። አውቶቡስ ተራ ከየአገሩ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ በሚያራግፍበት፣ መጠጥ ቤቱና ጫት ቤቱ በተደረደረበት ሰፈር ላደገች የ8ኛ ክፍል ልጅ የእነዚህ ክበቦች ጥቅም በማርክ አይለካም። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር የሚገናኙበት ወተመህ በበረታበት ትምህርት ቤት ልጅ ሲቀር ቶሎ ታወቀ፤ በላላበት ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሱቅ ቆሞ ስሙ መዝገብ ላይ ብቻ ቀረ።

አዲሱ መካከለኛ ደረጃ

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የትምህርት ፍኖተ ካርታ እርከኑን ወደ ስድስት ሁለት አራት መለሰው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተባሉ፤ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ሥነ ጥበብና የሙያ ትምህርትም ገቡ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ማቅረብ ጀምሯል። እንደ እኔ እምነት በመርካቶ ታሪክ የ13 ዓመትን ልጅ ከገበያ ለማስቀረት ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው፤ ልጁን ወደ ሱቅ የሚገፋውን የመጀመሪያውን ምክንያት፣ ረሃብን፣ በቀጥታ ስለሚመታ።

ግን ምሳ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ውድቀት 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። አልጀብራ የሚጀመረው፣ ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚነበበው፣ ልጁ ልማር ወይስ ልሥራ ብሎ በልቡ የሚወስነው 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ነው።

ታሪኩ የሚያስተምረን ግልጽ ነው። እርከኑ ስድስት ለስድስት፣ ስምንት ለአራት፣ ስድስት ሁለት አራት፣ ስምንት ለአራት፣ እንደገና ስድስት ሁለት አራት ሆኗል። ልጁን የጠቀመው የቁጥሩ መገለባበጥ አይደለም። የጠቀሙት ለዚያ ዕድሜ የሠለጠነ መምህር፣ በእጁ የሚሠራበት ትምህርት፣ ከኑሮው ጋር የሚስማማ ሰዓት፣ የሚናገርበት ክበብና የሚበላው ምሳ ናቸው። እነዚህ በተሟሉበት ልጁ ገበያውን አሸንፎ ተምሯል፤ በጎደሉበት ገበያው ወስዶታል።

ስለዚህ ትምህርት ቢሮው ለመካከለኛ ደረጃ የራሱን መምህራን ያሠልጥን፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገውን ሽግግር ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ቀስ በቀስ ያዘጋጅ፤ ለሚሠሩ ልጆች የማታውን ትምህርት ያጠናክር። እናንተም የመርካቶ ነጋዴዎች፣ አባቶቻችሁ ከዚሁ ሱቅ በወጣ ገንዘብ ሩቅ አገር ትምህርት ቤት አሠርተዋል። ዛሬ ከሱቃችሁ ጀርባ ያለው የ7ኛና 8ኛ ክፍል ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ኮምፒውተርና መጽሐፍ ይፈልጋል። አሟሉለት። ሱቃችሁ የሚቆመውን ልጅም በትምህርት ሰዓት ክፍል እንዲገኝ አድርጉ።