ስለ ክሎንዳይክ ወንዝ ወርቅና ስለ ተቀመጠው አደራ

ከካናዳ አገር በስተ ሰሜን ምዕራብ ዩኮን የሚባል ታላቅ ወንዝ ይወርዳል። ብርዱ እጅግ ብርቱ ነው፤ ወንዙ ከዓመቱ እኩሌታ የሚበልጠውን በረዶ ለብሶ ይኖራል፤ ምድሪቱም በበጋ ከላይዋ ጥቂት ብትላላ እንጂ ከሥሯ አትቀልጥም። ከገባሮቹ አንዱን ነጮች ክሎንዳይክ ይሉታል፤ ስሙ ግን ከእነርሱ የተገኘ አይደለም። ሃን የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ትሮንዴክ ይሉት ነበር፤ ይኸውም የመዶሻ ድንጋይ ውኃ ማለት ነው። ዓሣ ለማጥመድ በወንዙ ውስጥ ካስማ በድንጋይ እየመቱ ይተክሉ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ። ነጮቹ ቃሉን አጥርተው መናገር ቢያቅታቸው ክሎንዳይክ አሉት። እንግዲህ ይህ ወንዝ በወርቁ ከመታወቁ አስቀድሞ በእንጀራው የታወቀ ነበር።

ወርቅ ፈላጊዎች ወደዚያ አገር መግባት የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብንናገር፥ በ1885 በስቲዋርት ወንዝ፥ በ1886 ደግሞ ፎርቲማይል በሚባለው ወንዝ ደለል ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ወርቅ ከባድ ስለ ሆነ ውኃ ከተራራ ሲያወርደው ከአሸዋው ሥር ሰርጎ በዐለቱ ላይ ያርፋል። ፈላጊውም ጠጠሩን በዝርግ ሳሕን ከውኃ ጋራ እያሽከረከረ ቀላሉን ሲያፈሰው ወርቁ በሥሩ ይቀራል።

በ1896 በጋ ሮበርት ሄንደርሰን የሚባል ፈላጊ በአንድ ጅረት ጥቂት ወርቅ አግኝቶ ነበርና፥ ጆርጅ ካርማክ ከሚባል አሜሪካዊ ጋራ በተገናኘ ጊዜ መጥቶ ቦታ እንዲይዝ ነገረው። ነገር ግን ከካርማክ ጋራ የነበሩት ሁለቱ የታጊሽ ተወላጆች እንዲመጡ እንደማይወድ ገለጸ። እነርሱም የካርማክ ሚስት የሻው ትላ ወንድም ኬሽ፥ ነጮች ስኩከም ጂም የሚሉት፥ የእኅቱም ልጅ ዶውሰን ቻርሊ ነበሩ። ኦገስት 16 ቀን በዚያው ዓመት እነዚህ የተናቁት ሰዎችና ካርማክ የጥንቸል ጅረት በሚባለው፥ ኋላም ቦናንዛ በተባለው ስፍራ ብዙ ወርቅ አገኙ። ካርማክ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ አለ፤ የኬሽ ወገኖች ግን አስቀድሞ ያየው ኬሽ ነው ይላሉ። ሁሉም ቦታ ቢይዙም የአግኚነቱ መብት የተጻፈው በነጩ ስም ነው። ለሄንደርሰን ግን ማንም ወሬ አልላከለትም። ከተራራው ማዶ ሆኖ ሲቈፍር ቈይቶ ወሬውን ሲሰማ ደኅናው ቦታ ሁሉ ተይዞ አገኘው። አንዲት የንቀት ቃል ይህን ያህል አስከፈለችው።

ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። መሬቱ እንደ ዐለት የጠነከረ በረዶ ስለ ሆነ ማታ እሳት ያነዱበታል፤ ሲነጋም የላላውን ጥቂት አፈር ቈፍረው በባልዲ ይጐትታሉ። እንዲህ እያደረጉ ክረምቱን ሁሉ ይከምሩና በጸደይ ውኃው ሲፈታ ክምሩን በእንጨት አሸንዳ ያጥቡታል። በአሸንዳው ወለል አግድም የተመቱት እንጨቶች ወርቁን ይይዛሉ።

ጁላይ 17 ቀን 1897 ፖርትላንድ የተባለች መርከብ ወርቁን ጭና ሲያትል በደረሰች ጊዜ ዓለም ታወከ። ወደ 100,000 የሚሆን ሰው ለጕዞ ተነሣ፤ የደረሰው ግን ከ30,000 እስከ 40,000 ቢሆን ነው። የካናዳ ፖሊሶች የዓመት ስንቅ ያልያዘ አይገባም ስላሉ፥ መንገደኛው በቺልኩት ተራራ ላይ ሸክሙን በጀርባው እየተመላለሰ ያወጣ ነበር። ኤፕሪል 3 ቀን 1898፥ በምዕራባውያን ዘንድ የሆሳዕና ዕለት፥ የበረዶ ናዳ ወርዶ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከደረሱትም የሚበዙት ቦታው ሁሉ ተይዞ ጠበቃቸው።

በዶውሰን ከተማ የአንጀት ተስቦ በገባ ጊዜ አባ ዊሊያም ጃጅ የተባሉ የካቶሊክ ካህን ባሠሩት ሐኪም ቤት ድኻውንም ባለጠጋውንም ያስታምሙ ነበር። ወርቅ ሳይፈልጉ በወርቅ ፈላጊዎች መካከል ኖረው በጃንዋሪ 1899 በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት በአላስካ ኖም በሚባል ስፍራ ወርቅ ተገኘ ቢባል ብዙ ሕዝብ ዶውሰንን ትቶ ሄደ።

ባለወንዞቹስ ምን ሆኑ? ዓሣ የሚያጠምዱበት የወንዙ አፍ በእንግዶች ተያዘ፤ ዱሩም ለማገዶና ለቤት ተቈረጠ። አለቃቸው አይዛክ ሕዝቡን ይዘው ሙስሃይድ ወደሚባለው መንደር ወረዱ። ልማዳቸው በእንግዳው ብዛት እንዳይጠፋ ቢሰጉ፥ መዝሙራቸውንና ጭፈራቸውን በአላስካ ለሚኖሩ ዘመዶቻቸው አደራ ሰጡ። አይዛክ በ1932 ሞቱ፤ አደራው ግን አልሞተም። በ1990ዎቹ ዓመታት የልጅ ልጆቻቸው ሄደው መዝሙሩን ከጠባቂዎቹ ተማሩና ወደ አገራቸው መለሱት። በ1998 ሕዝቡ ራሱን የሚያስተዳድርበት ውል ተፈረመ፤ በ2023ም አገሩ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

ካርማክ በ1900 ሻው ትላን ትቶ ሌላ አገባ፤ እርስዋም ወደ ወገኖችዋ ተመልሳ በ1920 ሞተች። ወንድምዋ ኬሽ ግን በ1916 ሲሞት ገንዘቡን ለወገኖቹ መርጃ እንዲሆን ተናዘዘ። ከዚያ ሁሉ ወርቅ የሚበዛው ከአገሩ ወጥቶ ተበተነ። በአገሩ ሰው ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠቅመው፥ ለወገን የተናዘዙት ገንዘብና ለታመነ ሰው የሰጡት አደራ ነው።