ከካዛንቺስ ሰማይ የወረደው ሽቦ

ካዛንቺስን የምታውቁ ሁሉ እስቲ አንድ ነገር አስታውሱ። ድሮ ቀና ስትሉ ምን ነበር የምታዩት? ሽቦ! የመብራት ሽቦ፣ የስልክ ሽቦ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሽቦ። ዛሬ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ጎዳናዎች ላይ ግን ሰማዩ ጠርቷል፤ ሽቦው መሬት ውስጥ ገብቷል። በ2024 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው) የድሮው ሰፈር ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ስለ ቤቶቹና ስለ ነዋሪዎቹ ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። ስለ ሽቦው ግን ብዙም ሲወራ አልሰማንም። እኛ ዛሬ እናውራለት።

የሰፈሩ ስም ራሱ ከጣልያን የተረፈ ነው። በወረራው ዘመን (ከ1936 እስከ 1941) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ተቋም በምህጻር ኢንቺስ ይባል ነበር። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። በ1960 የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። በ1961 እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ከተማው ሲያድግ ኮረንቲውም በየምሰሶው ላይ 15 ሺህ ቮልት ተሸክሞ በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ይደርስ ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ 15 ሺህ ቮልት የሚጓዘው ባብዛኛው በራቁት ሽቦ ነው! ታዲያ ምን ያዘው? አየር። አየር በአንድ ሚሊ ሜትር 3 ሺህ ቮልት ገደማ ይችላል፤ ዋጋውም ነፃ ነው። ሽቦው ምሰሶውን በሚነካበት ቦታ ብቻ ያቺ የቡና ስኒ የምትመስል የሸክላ ኢንሱሌተር ትበቃለች።

ሽቦውን መሬት ስንቀብረው ግን ነፃው አየር የለም። አፈርና ውሃ ነው ያለው። ስለዚህ ኬብሉ የራሱን «አየር» ለብሶ መግባት አለበት።

ይህ ልብስ ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ፋራዳይ በ1837 አንድ ነገር አሳየ፦ በሁለት ብረቶች መሀል የሚገባው ኮረንቲ የማያስተላልፍ ነገር (ዳይኤሌክትሪክ የሚሉት) ዝም ብሎ የሚለያይ ግድግዳ አይደለም፤ ራሱም ጉልበት ያጠራቅማል። የአየርን አቅም 1 ብንል ፖሊኢቲሊን የተባለው ፕላስቲክ 2.3 ገደማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ፣ ሶቪየትና ጃፓን ለየብቻቸው የደረሱበት ባሪየም ታይታኔት የተባለ ሴራሚክ ደግሞ ከ1,000 ይበልጣል። ፖሊኢቲሊን በ1933 እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ፤ በጦርነቱም የራዳር ኬብል ለበሰው። ዛሬ የሚቀበረው ኬብል የሚለብሰው የእሱን የልጅ ልጅ ነው።

ችግሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ኬብል ለመቀጠል የውጭ ልባሱ መቆረጥ አለበት። በተቆረጠበት ጠርዝ ላይ የኤሌክትሪኩ ጫና በሥራ መውጫ ሰዓት አደባባይ ላይ እንደሚታጨቅ ታክሲ ይታጨቃል። ካላስተነፈሱት ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

መፍትሔው ድብልቅ ሆነ። ጎማ ወይም ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ዚንክ ኦክሳይድ ያለ የሴራሚክ ዱቄት ወይም የካርቦን ጥላሸት ይጨመራል። የድብልቁ አቅም ከፍ ስለሚል ጫናውን ረዘም ባለ ርቀት ላይ ያከፋፍለዋል። የብረት ዱቄት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅንጣቶቹ ተራርቀው ሳሉ አቅሙን ይጨምራሉ፤ ሊነካኩ ሲቃረቡ አቅሙ ሽቅብ ይወጣል፤ ከተነካኩ ግን መንገድ ይሆናሉ፣ ከልካዩ ራሱ አሳላፊ ሆኖ ያርፋል! እንደ ዘፈቀደ ለተበተኑ ክብ ቅንጣቶች ንድፈ ሐሳቡ ድንበሩን ከመቶ 16 እጅ ገደማ ያደርገዋል። ልኩን ያለፈ መድኃኒት መርዝ ነው።

እዚህ ነው እኛን የሚያገባን። አሜሪካኖች በ1970ዎቹ የፕላስቲክ ኬብል በገፍ ቀበሩ፣ ብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል ብለው። እርጥበት ገባና ፕላስቲኩ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጉዳት አበቀለ፤ ብዙው ያለ ዕድሜው ተቀየረ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ውሃ አታስገባ፣ አቧራ አታስገባ፣ የሚቀጥለውን ሰው አታጣድፍ።

የካዛንቺስ ክረምት ደግሞ ምን እንደሚመስል አንነግራችሁም። ምሰሶ ላይ የተበጠሰ ሽቦ ይታያል፤ የሰፈር ልጅ አይቶ ይጮሃል። መሬት ውስጥ የተበላሸ ቅጥያ ግን አይታይም። የሚጠብቀን የጣት ርዝመት ያላት ድብልቅና ያቀጣጠላት ሠራተኛ ንጹሕ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ሜትር ተቀበረ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «ማን ቀጠለው? የት ሠለጠነ? ማን ፈተሸው?» ብለንም እንጠይቅ።

ለዚህ ለጠራ ሰማይ ሰፈር ከፍለንበታል። መብራቱ እንኳ አይጥፋብን።

ቸር እንሰንብት!