ከልብ ወለድ ወደ ጨረቃ

በየመሥሪያ ቤቱ ልብ ወለድ የሚያነብ ሠራተኛ ጊዜውን በከንቱ እንደሚያሳልፍ ሰው ተቆጥሮ ሲታማ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሕግ ወይም የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የሚያጠና ይመሰገናል፤ ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲበሩ የሚተርክ መጽሐፍ በእጁ የተገኘበት ግን ይሣቅበታል። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለዚህ ለተሣቀበት ሰው ነው፤ ምስክሬም ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ዡል ቬርን የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ በ1828 ናንት በተባለችው ከተማ ተወለደ፤ በ1865ም «ከምድር ወደ ጨረቃ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። በታሪኩ ውስጥ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ሥራ የፈቱ የመድፍ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ ወደ ጨረቃ አረር እንተኩስ ብለው ይመክራሉ። ቴክሳስና ፍሎሪዳ መድፉ በእኛ አገር ይተከል እያሉ ይሟገታሉ፤ በመጨረሻም ፍሎሪዳ ትረታለች። ርዝመቱ 900 ጫማ የሆነ፣ ኮሎምቢያድ የተባለ መድፍ በምድር ውስጥ ይሠራል፤ ሦስት ሰዎችም በአረሩ ውስጥ ተቀምጠው ይተኮሳሉ። በ1870 በወጣው ተከታይ መጽሐፍ ተጓዦቹ ጨረቃን ዞረው በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ይወድቃሉ፤ የአሜሪካ መርከበኞችም ፈልገው ያገኟቸዋል።

ቬርን ይህን ሲጽፍ በምኞት ብቻ አልተመራም። ለአረሩ የሰጠው ፍጥነት በሴኮንድ 12,000 ያርድ ነው፤ ይህም ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስለ ሆነ፣ ከምድር ስበት ለማምለጥ ያስፈልጋል ተብሎ ዛሬ ከሚታወቀው ልክ እምብዛም አይርቅም። ስሕተቱ በመድፉ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ መድፍ ቢተኮስ ኖሮ፣ ድንገተኛው ግፊት ተጓዦቹን ከአፈሙዙ ሳይወጡ በገደላቸው ነበር።

ነገር ግን ስሕተቱ ራሱ ጠቀመ። ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ በ1857 ተወልዶ በልጅነቱ በደረሰበት በሽታ ጆሮው ደነቆረ፤ ስለዚህ አብዛኛውን ዕውቀቱን ያገኘው ከመጻሕፍት ነው። ካሉጋ በተባለችው ከተማ በመምህርነት እየኖረ፣ መድፉ ካልሆነ ምን ይሆናል እያለ ሲያሰላ ቆይቶ፣ ፈሳሽ ነዳጅ የሚያቃጥል ሮኬት ከምድር ሊወጣ እንደሚችል በሒሳብ የሚያስረዳ ጽሑፍ በ1903 አሳተመ። የሐሳቡን ዘር የዘራበት ዡል ቬርን መሆኑንም ራሱ መስክሯል። ራሱም ስለ ጨረቃ ልብ ወለድ ጽፏል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት መጠሪያ ያደረገልን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ልብ የወለደው ማለት ነው፤ ለምንነጋገርበት ነገር ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም።

በአሜሪካም እንዲሁ ሆነ። ሮበርት ጎዳርድ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የማርስ ፍጡራን ምድርን ሲወርሩ የሚተርከውን የኤች ጂ ዌልስን ልብ ወለድ አነበበ። በጥቅምት 19 ቀን 1899 የቼሪ ዛፍ ቅርንጫፍ ሊቈርጥ ወጥቶ፣ ወደ ማርስ የሚወጣ መሣሪያ በዓይነ ኅሊናው ታየው፤ ያንንም ቀን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አከበረው። በኋላ ሮኬት ወደ ጨረቃ ሊደርስ ይችላል ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ በጥር ወር 1920 በርእሰ አንቀጹ፣ አየር በሌለበት ሮኬት የሚገፋው ነገር የለም፤ ሰውየው ተማሪዎች የሚያውቁትን እንኳ አያውቅም በማለት ተሣለቀበት። ጎዳርድ ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ፤ በመጋቢት ወር 1926ም በዓለም የመጀመሪያውን የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት አስነሣ። ሮኬቱ የበረረው ለሁለት ሴኮንድ ተኩል ያህል፣ ከፍታውም 41 ጫማ ብቻ ነበር። ጋዜጣው ስሕተቱን ያረመው በሐምሌ 17 ቀን 1969፣ ሰዎች ወደ ጨረቃ ከተነሡ በማግስቱ ነው። ጎዳርድ ግን ከሞተ 24 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሦስተኛው ሄርማን ኦበርት ነው። በ1894 በትራንሲልቫንያ የተወለደው ይህ ሰው የቬርንን መጽሐፍ በልጅነቱ ደጋግሞ ከማንበቡ የተነሣ በቃሉ ሊይዘው ደርሶ ነበር። በ1922 ስለ ሮኬት ያቀረበው የዶክተርነት ጽሑፍ ተቀባይነት ስላላገኘ፣ በማግስቱ ዓመት በመጽሐፍ መልክ አሳተመው። በ1929 ፍሪትስ ላንግ «ሴት በጨረቃ ላይ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ አማካሪው ኦበርት ነበር። ሮኬት ሲተኮስ ቁጥርን ወደ ኋላ መቍጠር በሰፊው የታወቀው ከዚህ ፊልም ወዲህ ነው፤ ላንግ ይህን ያደረገው ለሳይንስ ብሎ ሳይሆን የተመልካቹን ልብ ለመስቀል ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። በጥቅምት ወር 1942 ጀርመኖች ከፔነሚዩንደ በተሳካ ሁኔታ የተኮሱት የጦር ሮኬት በአካሉ ላይ የዚያ ፊልም ምልክት ተሥሎበት ነበር። ሮኬቶቹ በኋላ በብዛት የተሠሩት በኖርድሃውዘን አጠገብ፣ በተራራ ሆድ በተቈፈረ ዋሻ ውስጥ ነው፤ የሠሯቸውም እስረኞች ነበሩ። በረኀብ፣ በድካምና በግድያ ያለቁት እስረኞች፣ ሮኬቱ በሎንዶንና በአንትወርፕ ከፈጃቸው ሰዎች ቍጥር እንደሚበልጡ ይገመታል። ይህን ሳይናገር ልብ ወለድን የሚያመሰግን ሰው የታሪኩን ግማሽ ደብቋል። የዚያ ሮኬት መሪ መሐንዲስ የነበረው ቬርነር ፎን ብራውን ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን ሮኬት የሠሩትን ባለሙያዎች መርቷል።

በሐምሌ ወር 1969 ሦስት ሰዎች ከፍሎሪዳ ተነሥተው ሄዱ፤ በመጽሐፉ የተረታችው ቴክሳስም ድርሻዋን አላጣችም፤ ጉዞውን የሚቈጣጠረው ጣቢያ በሂዩስተን ነበርና። መንኰራኵራቸው ኮሎምቢያ ትባል ነበር። ሲመለሱ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ ኒል አርምስትሮንግ ለዓለም ባስተላለፈው ንግግር ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈውን ዡል ቬርንን አስታወሰ፤ የቬርንም መንኰራኵር ኮሎምቢያ እንደምትባል ተናገረ። መጽሐፉን የሚያውቁ ሰዎች ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም፤ በቬርን ታሪክ ተቀራራቢው ስም የመድፉ ነበርና።