በብርሃን የሚበራና የሚጠፋ ሞለኪውል

በየቤታችን የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ስንጫን አምፖሉ ይበራል። በሞለኪውል ደረጃ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫነው ራሱ ብርሃን ነው።

ዳይአሪልኢቲን የሚባሉት ሞለኪውሎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። መሐላቸው ላይ ያለው ቀለበት በአልትራቫዮሌት ጨረር ይዘጋል፤ በሚታይ ብርሃን ይከፈታል። ሲዘጋ ነጠላና ድርብ ትስስሮች ያለማቋረጥ ስለሚፈራረቁ ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ያልፋሉ። ሲከፈት ግን መንገዱ መሐል ላይ ይቋረጣል። (“ዝግ” ሲባል መንገዱ የተከፈተ ማለት መሆኑ እንደኔ ያለውን የሕግ ሰው ማደናገሩ አይቀርም።)

እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ሞለኪውል በወርቅ ላይ ሞከሩት። ኋላ በ2016 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ የሆነው ቤን ፌሪንጋም ከመካከላቸው ነበር። ቀጭን የወርቅ ሽቦ ቀስ በቀስ እየጎበጠ እንዲበጠስ ይደረግና፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሞለኪውሉ በድኝ አቶሞች ይያያዛል። የሚታይ ብርሃን ሲያርፍበት ፍሰቱ በእጅጉ ቀነሰ። አልትራቫዮሌት ሲያበሩበት ግን አልተመለሰም። ፈሳሽ ውስጥ ሳለ በሁለቱም አቅጣጫ ይቀያየር የነበረው ሞለኪውል ወርቅ ላይ ሲታሰር በአንዱ ብቻ ቀረ።

በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። እንደ ተመራማሪዎቹ ማብራሪያ፣ ሞለኪውሉ ከጨረሩ ያገኘውን ጉልበት ቀለበቱን ሳይዘጋበት ወርቁ ይወስድበታል። ስለዚህ ሞለኪውሉ ለብቻው ሳለ ያሳየው ጠባይ፣ ከሽቦ ጋር ሲያያዝ ለሚኖረው ጠባይ በቂ ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው።

ወርቁን በካርቦን መተካትም ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ሹዌፌንግ ጉዎና ባልደረቦቻቸው ሞለኪውሉን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ ከሆነው ግራፊን ጋር አገናኙት። ብልሃቱ በሁለቱም ጎን፣ በሞለኪውሉና በግራፊኑ መካከል፣ አጭር የካርቦንና የሃይድሮጂን ሰንሰለት ማስገባታቸው ነበር። ሰንሰለቱ ግንኙነቱን በመጠኑ ስላላላው ሞለኪውሉ ያገኘውን ጉልበት ለራሱ ለመጠቀም ጊዜ አገኘ። በተራ የክፍል ሙቀት በሁለቱም አቅጣጫ ተቀያየረ፤ ሲበራ የሚያልፈው ፍሰት ሲጠፋ ከሚያልፈው 100 እጥፍ ያህል ነበር። ተመራማሪዎቹ በ46 መሣሪያዎች ላይ ያዩትን ውጤት ሲያቀርቡ፣ ከ100 ዙር በላይ መቀያየርንና ከአንድ ዓመት በላይ መቆየትን አስመዝግበዋል።

ለላቦራቶሪ 100 ዙር ትልቅ ነገር ነው። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒዩተር ትራንዚስተሮች ግን ያንን ያህል ዙር ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጨርሱታል።