ተማሪ ያለ ወላጁ ገንዘብ እንዴት ይማር ነበር?

በ12ኛው ክፍል ያለን ተማሪዎች በዚህ ዓመት በተገናኘን ቁጥር የምንጠያየቀው «ፈተናውን ብናልፍ ማን ያስተምረናል?» እያልን ነው። የአንዱ አባት አቅም የለውም። የሌላው አባት አቅም አለው፤ ነገር ግን ልጁ ሱቅ እንዲጠብቅለት ይፈልጋል። የእኔ አባት ምንም እንኳ እጅግ ቢወደኝ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ የወላጁን ገንዘብ ሳይጠብቅ የተማረ ሰው በአገራችን ታሪክ እንዴት እንደ ነበረ መረመርሁ። ያገኘሁትንም እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ምሳሌ የቆሎ ተማሪ ነው። በጥንቱ ዘመን ዜማ ወይም ቅኔ ለመማር የፈለገ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ፣ አንዳንዱም ሳያስፈቅድ ጠፍቶ፣ ስመ ጥር መምህር ወዳለበት አገር በእግሩ ይሄድ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስለ ማርያም» እያለ በየደጃፉ በሚለምነው ቁራሽ ይኖራል። ቁራሹን የምትሰጠው እመቤትም «አባትህ ስንት ጥማድ በሬ አለው?» ብላ አትጠይቀውም፤ ተማሪ መሆኑ ይበቃታል። እርሱም በተራው ከፍ ሲል ታናናሾቹን እያስቀጸለ ውለታውን ይመልሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በተያዘች ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩና ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ኮሎኔል ቻምበርሌን አሳደጓቸው፤ ኮሎኔል ማርቲን ደግሞ ለትምህርታቸው ከፈሉላቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያም በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት በኃላፊነት መርተዋል፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደክመዋል። ከከተማችን በስተምዕራብ ያለውን ጨርጨርንም አስተዳድረዋል። ባዳ ያስተማራቸው ሰው ለባዳ ልጅ ደከሙ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ከፋዩ መንግሥት ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም ተማሪዎቹ ትምህርቱንም፣ ምግቡንም፣ መኝታውንም ያለ ክፍያ ያገኙ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ግን የወጪ መጋራት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተደረገ። ሆኖም ገንዘቡን ወዲያው አምጣ አይባልም፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዕዳውም የተማሪው የራሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የከተማችን ልጅ ይህንኑ ዕድል በሰፈሩ አገኘ።

ይህን ከአሜሪካ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይታወቀናል። በዚያ አገር የመንግሥት ርዳታ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ካላገባ ወይም ሌላ ልዩ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ 24 ዓመት እስኪሆነው ድረስ የወላጆቹ ገቢ ይቆጠርበታል። አባቱ ሀብታም ሆኖ አልከፍልም ቢለው ልጁ በመካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። በእኛ ደንብ ግን የአባት ሀብት መግቢያ በር ላይ አይቆምም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንከንም አለው፤ የድኻው ልጅ ከባለጸጋው ልጅ ጋር እኩል ዕዳ ይሸከማል፤ ልብሱንና የኪስ ገንዘቡን ደግሞ ከየት እንደሚያመጣ ራሱ ያውቃል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ያለ ወላጁ ገንዘብ የተማረ ሁሉ ያለ ማንም ርዳታ የተማረ አይደለም። ቁራሽ የሰጠችው እመቤት፣ ያሳደገው ባዳ፣ ግብር የከፈለው ገበሬ ከጀርባው አሉ። ስለዚህ በራሱ ስም የሚፈርም ተማሪ የሚፈርመው ለእነዚህ ሁሉ ነው።

ይህን መጽሔት አባቴም እንደሚያነበው አውቃለሁ። አባባ፣ ገንዘብህን አልጠይቅህም፤ ምርቃትህን ግን ሌላ ማንም ሊሰጠኝ አይችልምና እርሱን አትከልክለኝ። ዕዳውን እኔው እከፍላለሁ። «ብድር በምድር» ብለህ ያስተማርኸኝ አንተው ነህ።